ሁለት ነጥብ

ሰንበት እንደወጣ፣ ቂርያት ሞሼ፣ ሦስተኛ ፎቅ ላይ፣
አባቴ ይርጋ ጠየቀኝ፣ ሻንጣዬን ሳነሳ ሲያይ፦
«ሌሊት ሌሊት የምትሄጂበት፣ ምንድን ነው ሥራው?
ጎረቤት ሲጠይቀኝ ምን ብዬ ልጥራው?»

አማርኛዬ አጠረኝ። የተማርኩት በሌላ ቋንቋ ነው።
«ነጥብ ነው» አልኩት፣ «ከአቧራ ብናኝ ያነሰ፣
በጠጠር ሆድ ውስጥ ጎጆ የቀለሰ።
በአጠገቡ ሁለት ጉድጓዶች አሉ፣ ውሃ የማያወጡ፣
ብርሃን ከወደቀባቸው ግን ቶሎ የማያስወጡ።»

ርኆቦት ስሟ ከጉድጓድ ነው፤ የጥንቶቹ ቆፋሪዎች
ሁለቱን ተቀምተው፣ በሦስተኛው የሚጣላቸው ሲጠፋ
«ሰፋልን» ያሉት ነው፣ «ምድሩ ሰፋ»።
የእኛ ጉድጓዶች አይሰፉም። ሁለቱ ተደምረው
የአንድ ፀጉር ወርድ አይሞሉም።
ግድግዳቸውም ስስ ነው፤ ጎረቤት ከጎረቤት
ይሰማማል፤ ብርሃን ከዚህ ቤት ወደዚያ ቤት
ሲመላለስ ያድራል፤
ሌሊቱን ሙሉ ቤት ይመታል።

አባቴ ዝም አለ።
ወገራ ሳለ ብረት ቀጥቃጭ ነበር፣
ማረሻውን ቀን ወስደው ሲመሽ ዓይኑን በሚፈሩት መንደር።
ቴርሞሜትር አያውቅም፤ ግለቱን በቀለም ይለካል፦
መጀመሪያ የደረቀ በርበሬ፣ ቀጥሎ የበሰለ ቲማቲም፣
ከዚያ የትርንጎ ልጣጭ። እዚያ ላይ ነው ብረት የሚታዘዘው፤
ከዚያ ወዲያ እሳት ነው የሚያዝዘው።
ስሜንም ከዚያ አወጣው፣ ትርንጎ።
ሰው ከፍሬው ይመስለዋል። ከፍሙ ነው።

«እኔም ያልገባኝ አለ» አለ በመጨረሻ። «ብረት ሲግል
የሚታየው ብርሃን የማን ነው? የእሳቱ ነው የብረቱ?
ሠላሳ ዓመት አየሁት፤ አልለይ አለኝ ባለቤቱ።»

ማክሰኞ ሌሊት። ምድር ቤት። ናዳቭ ወንበር ላይ አንቀላፍቷል፤
ሂሊየሙ በቧንቧው ውስጥ ያቃስታል።
ከቅዝቃዜ ሁሉ ወለል በአራት ዲግሪ ብቻ ከፍ ብዬ
ነጥቤን አሞቅኩት፣ አንዲቱን ዲግሪ ለአሥር ከፍዬ።
ስክሪኑ ላይ ሁለት መስመር፤ አንዱ የነጥቡ፣ አንዱ የጉድጓዱ።
«ይተላለፋሉ» ብሎ ነበር ናዳቭ፣ «እንደማይተዋወቁ መንገደኞች»።
ቀረቡ።
ቀረቡ። ትንፋሼን ዋጥኩ።
አልተላለፉም።
በመጨረሻዋ ጠባብ ላይ ሁለቱም ፈቀቅ አሉ፤
ነጥብ ሆኖ የመጣው ብርሃን ሆኖ ሄደ፣
ብርሃን ሆኖ የመጣው በነጥብ ጎዳና ወረደ።
እዚያች ጠባብ ላይ ግን፣ መሃል ላይ፣
እኩሌታ በእኩሌታ ነበሩ፤ ስም አልነበራቸውም።
ነጥብ በሌለበት በሁለተኛው ጉድጓድ እንኳ
የነጥቡ ወሬ ደርሶ ነበር።

ልጅ ሳለሁ አባቴ ሲያጽፈኝ፣ በቃልና በቃል መሃል
ሁለት ነጥብ ያስጥለኝ ነበር፤
«ባዶ ቦታ አትተዪ፣ ቃላት ይበርዳቸዋል» ይል ነበር።
ይለያያል ወይስ ያያይዛል ብዬ ጠይቄው አላውቅም።
ስልክ ከያዝኩ ወዲህ ትቼዋለሁ።
ያን ሌሊት በመዝገቡ ጠርዝ፣ ከቁጥሮቹ በታች፣
በእርሳስ ጻፍኩ፦
የእሳቱም፡አይደለም፡የብረቱም፡አይደለም፡አባ
አራት ነጥብ አልጨመርኩም።

ሲነጋ ከአውቶቡስ ማቆሚያው ደወልኩለት። ሳቀ፦
«ብረት የሚቀጠቀጠው እንደጋለ ነበር፤
ያንቺው ግን ሲበርድ ነው?»
«ሲበርድ ነው» አልኩት።
«እንግዲያው» አለ፣ «ደርበሽ ሂጂ።»